የጓድ ሀብቴ ቀይ መብራት

ወይዘሮ ማዘንጊያ ከእሑድ ጀምሮ ጫማቸውን አላወለቁም። ለመንገድ የተገዛላቸውን ጥቁር የሸራ ጫማ አጥልቀው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ሻንጣቸው ላይ ቁጭ ብለው ይውላሉ፤ ማታም ጋደም ሲሉ እግራቸውን ከአልጋው ውጭ አንጠልጥለው ነው። «እማማ፣ ኧረ ያውልቁት፣ በዚህ ሙቀት እግርዎ ሊበስል ነው» ቢላቸው አማቻቸው በዛብህ፣ «ወረቀቱ በድንገት ቢመጣስ? ባቡር ጫማ ፈላጊ አይጠብቅም» አሉት። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። አዲስ አበባ ያለው የዓይን ሐኪም ስንት ጊዜ ተለምኖ ለዓርብ ቀጥሯቸዋል፤ ይህ ቀጠሮ ካለፈ የሚቀጥለው ለከርሞ ነው፣ ከርሞ ደግሞ ዓይኑ ለቀዶ ጥገና እንደማይሆን ሐኪሙ አስቀድሞ ተናግሯል። ባቡሩ ነገ ጎህ ሲቀድ ይነሣል። ቲኬቱ ተገዝቷል፣ ስንቁ ተቋጥሯል፣ አዲስ አበባ የሚቀበላቸው ዘመድም ተገኝቷል። የጎደለው የቀበሌው የይለፍ ወረቀት ብቻ ነው። ያለ እሱ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ኬላ ላይ ይወርዳል፤ ዓይኑ ያያል አያይም ብሎ የሚጠይቅ የለም። በዛብህ ቀበሌው ደጅ ሲመላለስ ሰነበተ፤ ሊቀመንበሩ ሁሌም ስብሰባ ላይ ናቸው። ስብሰባው ስለ ምን እንደ ሆነ በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ ቢሮክራሲን ስለ መዋጋት ነው የሚሉ ነበሩ።

በዚያ የነሐሴ ጠዋት በዛብህ የኤሌክትሪክ ዕቃ ቦርሳውን ከአልጋ ሥር እየጎተተ ሚስቱን አሰገደችን፣ «ያ ቀይ የጥፍር ቀለምሽ አለ እንዴ?» አላት። ከተጋቡ ጀምሮ ስለ ጥፍሯ አንስቶ አያውቅም፤ ደስ ሊላት በተገባ። እሷ ግን ባሏን ታውቀዋለችና፣ «ለማነው?» ብላ ጠየቀች። «ለቀበሌው» አላት። አሰገደች የጎረቤቱን ግድግዳ ገልመጥ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጥፍሩንስ ድሮም እናውቀዋለን፤ አሁን ደግሞ ሊቀባ ነው?» በዛብህ አልሳቀም። ቀይ አምፖል ከከተማው ጠፍቶበት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የኮንትሮባንድ ሽቶ፣ ራዲዮ፣ ሩዝ፣ የጃፓን ቴርሞስ በየጓዳው ሞልቶ ተርፎ፣ አንድ ቀይ አምፖል የቀፊራን ገበያ ቢያስሱ አይገኝም። አሰገደች ለእህቷ ሠርግ ገዝታ በቁጠባ የያዘቻትን ጠርሙስ ከቁምሳጥኑ አውጥታ ዘረጋችለት። ወይዘሮ ማዘንጊያ ሻንጣቸው ላይ ሆነው፣ «የቀበሌው ሰውዬ ግን ደኅና ሰው ነው?» ብለው ጠየቁ። «ዛሬ ይፈርማል፣ እማማ፤ ሥራውን ስጨርስለት ሊፈርምልኝ ቃል ገብቷል። ለምሳ ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ» አለና ወጣ።

ሊቀመንበሩ ሙሉ ስሙ ሀብተ ማርያም ነው። አብዮቱ ሲመጣ ማርያምን ከስሙ ላይ አወረደና «ጓድ ሀብቴ» ሆነ፤ ሀብቱን ግን አላወረደም። ይህ ጓድ ባለፈው ሰኔ ትርፍ አንጀቱን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ እዚያ ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር በላይ ቀይ መብራት አየ። መብራቱ ሲበራ ዘመድ አይገባ፣ ሹም አይገባ፣ የሚያለቅስ እንኳ ራቅ ብሎ ነው የሚያለቅስ። ጓድ ሀብቴ በዚህች መብራት ፍቅር ወደቀ። ከቁስሉ ሳይድን ያሰላሰላት እሷን ነው። ቀበሌዎች ሁሉ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል አንዳንድ የልማት ሥራ እንዲያበረክቱ ታዘው ስለ ነበር፣ አንዱ ቀበሌ ቦይ ሲቆፍር፣ አንዱ ግንብ ኖራ ሲቀባ፣ የእኛው ቀበሌ ቀይ መብራት ለማቆም ወሰነ። መብራቱ ሲበራ ቀበሌው ጥገና ላይ ነው ማለት ነው፤ ሕዝቡ ውጭ ይቆያል፣ አመራሩ ውስጥ ሆኖ ይጠገናል።

ከመብራቱ ሥር በሚሰቀለው ሰሌዳ ላይ ምን ይጻፍ በሚለው ኮሚቴው ሲከራከር ዋለ። «ዝግ ነው» የሚለውን ያቀረበው ጓድ ወዲያው ተነቀፈ፤ አብዮት አይዘጋም። «ለጊዜው አንሠራም» ያለውም ግለ ሂስ አወረደ። በመጨረሻ «ለበለጠ አገልግሎት ጥገና ላይ ነን፤ በአብዮታዊ ትዕግሥት ይጠብቁን» የሚለው በሙሉ ድምፅ አለፈ። ምን እንደሚጠገን የጠየቀ አልነበረም። ጣሪያው እንደሚያፈስ ግልጽ ነበር፣ ስለ ጣሪያው ግን ማንም አላነሣም።

በዛብህ የምድር ባቡር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሲሠራ ደግሞ እጁ ውሸት አያውቅም። ሽቦውን በግድግዳው ጥግ ቀጥ አድርጎ ወሰደው፣ አምፖሉን የአሰገደችን ቀለም ደጋግሞ ቀባው፣ ማብሪያና ማጥፊያውን ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ ካለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በብሎን አሠረው። ይህን ሰሌዳ ጓድ ሀብቴ «የአመራር ሰሌዳ» ይለዋል። የቬንትሌተሩ ማብሪያ፣ የደወሉ ማብሪያና የድምፅ ማጉያው ማብሪያ ተደርድረውበታል፤ አዲሱ አራተኛ ሆኖ ገባ። ከሰሌዳው አጠገብ የቀበሌው ማኅተም አለ። አንዴ ጠፍቶ ስለ ነበር ከጠረጴዛው እግር ጋር በሰንሰለት ታስሯል፤ በዚያ ግቢ ያለ ጥፋት ታስረው ከሚያውቁት አንዱ እሱ ነው። ጸሐፊዋ ለበዓሉ ሰልፍ ልምምድ ሄዳ ክፍሉ ውስጥ በዛብህና ሊቀመንበሩ ብቻ ነበሩ። ውጭ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ጀምሮ እስከ ግቢው አጥር፣ ወረቀት የያዘ ሰው ተሰልፏል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አለቀ። የይለፍ ወረቀቷን እንግዲህ...» ብሎ በዛብህ እጁን ወደ ሸሚዙ ኪስ ሰደደ።

«ቆይ እንጂ! መጀመሪያ መመሪያ ይሰጥ» አለ ጓድ ሀብቴ፤ ዘበኛውን ዋበሪን ጠራው።

ዋበሪ አብዮት ጠባቂ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የሚናገረው በቁጥር የሆነ ሰው። ባለፈው ወር ጓድ ሀብቴ መታወቂያ ሳያሳይ ሲገባ ዝም ብሎ አሳልፎታል ተብሎ ታስሮ ነበር። «የማውቅህ ሊቀመንበር ነህ ብዬ ነው» ቢል፣ «ሊቀመንበር መስዬ የመጣሁ አሻጥረኛ ብሆንስ?» ብሎ ሊቀመንበሩ አፉን አስያዘው። ያን ቀን ዋበሪ ሊቀመንበር መምሰልና ሊቀመንበር መሆን ሁለት ነገር እንደ ሆኑ ተማረ፤ ትምህርቱም በደንብ ገብቶታል። አሁን ጓድ ሀብቴ ደረቱን ነፍቶ መመሪያውን አነበበለት። ቀዩ መብራት ከበራ ሰው አይገባም፣ ሰው አይወጣም፣ ማንም ቢሆን። መብራቱን የሚያጠፋው የሊቀመንበሩ እጅ ብቻ ነው። ሌላ እጅ ካጠፋው አሻጥር ነውና ይተኮሳል። ዋበሪ ሦስቱንም ደገማቸው፣ ሳይስት።

ከዚያ ጓድ ሀብቴ በገዛ ጣቱ ማብሪያውን ጫነ። በር ላይ ቀዩ መብራት በራ፤ የጥፍር ቀለሙ ሲሞቅ የሠርግ ቤት ሽታ አመጣ። ሕዝቡ «እህ!» አለ። ሊቀመንበሩ ይህን ድምፅ ሰምቶ መቀመጥ አልቻለም። ሰው የራሱን ሥራ ከሩቅ ሳያይ እንዴት ይረካል? ዋበሪ ጠብመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ስፍራውን ከመያዙ በፊት ብድግ ብሎ ወጣ፣ ከዛፉ ሥር ቆመ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መብራቱን አየው። ወደ ግራ ሄዶ አየው፣ ወደ ቀኝ ሄዶ አየው። ጠግቦ ሲመለስ ዋበሪ በሩ ላይ ጠብመንጃውን አጋድሞ ቆሟል።

«አይገባም» አለው።

«እኔ ነኝ እኮ!»

«መብራቱ በርቷል። ማንም አልክ።»

«ማንም ስል እኔን አይጨምርም፣ አንተ ሰውዬ!»

«ወላሂ፣ ባለፈውም እንደዚሁ አልክ» አለ ዋበሪ፤ ቁጣ የለበትም፣ የሚያስረዳ ሰው ድምፅ ነው። «ሊቀመንበር የሚመስል ሰው ቢመጣ አታሳልፍ አልክ። አንተ በጣም ትመስላለህ።»

ጓድ ሀብቴ ወደ መስኮቱ ሮጦ የብረቱን ፍርግርግ ያዘ። «በዛብህ! አጥፋው ይሄን ነገር!» በዛብህ እጁን ወደ ሰሌዳው ዘረጋ። ከደጅ የጠብመንጃ መቀባበል ድምፅ ተሰማ። «ሊቀመንበሩ ውጭ ነው» አለ ዋበሪ፣ አሁንም በዝግታ። «መብራቱ ከጠፋ ሌላ እጅ ነው ያጠፋው። ሌላ እጅ አሻጥር ነው።» በዛብህ የጋለ ምጣድ የነካ ይመስል እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። ሊወጣም አይችልም፤ ሰው አይወጣም። ሊቀመንበሩ ጮኸ፣ ዛተ፣ ለመነ፤ የዋበሪን መመሪያ የሚሽር ትእዛዝ ሊመጣ የሚችለው ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ነው፣ ወደ ከፍተኛው የሚደወልበት ስልክ ደግሞ ያለው ውስጥ ነው። በዛብህ ደውሎ ሞከረ። ከፍተኛው አላነሣም፤ ስብሰባ ላይ ነበር።

የድሬ ሰው አንቱታ ብዙ አይሆንለትም፤ ሰልፉ ላይ ከፊት የነበረችው ሀሊሞ ደግሞ ጭራሽ አታውቀውም። የበዛብህ የግድግዳ ጎረቤት ናት፤ ጨርቅ ትነግዳለች፣ የዋበሪንም ቋንቋ የሊቀመንበሩንም ጠባይ ታውቃለች። ጓድ ሀብቴ ላቡን ሲጠርግ አየችውና፣ «አቦ፣ ምን ያናድድሃል?» አለችው። «እስክሪብቶው አንተ ጋ ነው። ማኅተሙ በዛብህ ጋ ነው። ሰው አይገባም እንጂ ወረቀት አይገባም አላልክ። ቁጭ በልና ፈርም!» ሰልፉ ሳቀ። ጓድ ሀብቴ የሳቀውን ፊት ሁሉ አንድ ባንድ አየ፤ በአጥሩ በኩል የሚያልፍ የከፍተኛው ሰው ቢያየው ምን እንደሚመስልም አሰበ። ከራሱ ደጅ የተባረረ ሊቀመንበር መሆን አይቻልም። ወደ ሕዝቡ የወረደ ሊቀመንበር መሆን ግን ይቻላል። ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ጓዶች፣ ዛሬ አመራሩ በገዛ ፈቃዱ ወደ ሰፊው ሕዝብ ወርዷል!» ብሎ አወጀ። አጨበጨቡለት። ለውሃ ማስቀመጫ የሚሆነውን በርሜል ገልብጠው አስቀመጡት።

እንዲህ ሆነና ያ ቀበሌ ከተቋቋመ ጀምሮ ያልሠራውን ሥራ «ጥገና ላይ ነን» በሚል ሰሌዳ ሥር ሠራ። ሊቀመንበሩ በጉልበቱ ላይ ይፈርማል፣ ወረቀቱ በፍርግርጉ ይገባል፣ በዛብህ ማኅተሙን እፍ ብሎ ይመታል፣ ወረቀቱ ይወጣል። በር የለ፣ «ነገ ና» የለ። በዛብህ መጀመሪያ ላይ ቆሞ ነበር የሚመታው። የራሱን ወረቀት ከኪሱ ሊያወጣ ሲል ጓድ ሀብቴ በመስኮት አየውና፣ «አንተማ የውስጥ ሰው ነህ፤ የውስጥ ሰው አይቸኩልም። መጨረሻ ላይ እፈርምልሃለሁ» አለው። የውስጥ ሰው መባል ለበዛብህ ደስ የማይል ነገር አልነበረም። ሰንሰለቱ አጭር ስለ ሆነ ቆሞ መምታት ወገብ ያሳምማል፤ ስለዚህ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከተቀመጠ በኋላ ቬንትሌተሩን ከፈተ፤ እሱን ማጥፋትና ማብራት አሻጥር አልነበረም። በነሐሴ ድሬዳዋ ውስጥ ከራስ በላይ የሚዞር ቬንትሌተር ሥር የተቀመጠ ሰው ነገሮችን በሌላ ዓይን ያያል። ሁሉም ለምን ይጣደፋል? ወረቀቱን ለምን አጨማዶ ያቀርባል? ሁለት እጅ ሰጥቶት እግዚአብሔር፣ ለምን ባንድ እጅ ይዘረጋል?

ጋሪ ነጂው ኑርቶ ወረቀቱን ሲያስገባ በዛብህ ማኅተሙን አልመታም፤ አነበበው። ለወትሮው ወረቀት ማንበብ አይወድም፣ ይህን ግን ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ ደግሞ ከታች ወደ ላይ አነበበው። «የቤት ቁጥርህ የታለ?» አለ። ኑርቶ፣ «ቤቴን ታውቀው የለ፣ ጣሪያው ላይ አብረን ወጥተን ሽቦ ስበንበት...» ሲል፣ በዛብህ እጁን ከፍ አድርጎ ዝም አሰኘው። ያ እጅ ከየት እንደ መጣ ራሱም አላወቀም። ልክ በዚያች ሰዓት ጓድ ሀብቴ በርሜሉ ላይ ቀና አለና ፀሐይዋን አየ። እኩለ ቀን አልፏል፤ ጫት የሚቃምበት ሰዓት እየደረሰ ነው፣ ይህ ሰዓት ደግሞ ድሬዳዋ ውስጥ ለአብዮትም ለሃይማኖትም አይገፋም። «ትእዛዙን ከከፍተኛው በአካል ይዤ ልምጣ» አለ። ወዴት እንደሚሄድ ያልገባው አልነበረም። እስክሪብቶውን ኪሱ ከመክተቱ በፊት በመስኮት ጮክ ብሎ፣ «በዛብህ፣ ሌላ የሚፈረም አለ?» ሲል ጠየቀ።

በዛብህ ከኑርቶ ወረቀት ላይ ቀና አላለም። ሥራ የበዛበት ሰው እንደሚመልሰው፣ «የለም፣ ጓድ» አለ።

«የፈረምኩበትን ብቻ ምታ። ሌላውን ነገ በለው» አለና ጓድ ሀብቴ ሄደ።

ሀሊሞ ተራዋ እስኪደርስ ሌሎቹን ስታሰልፍና ሽማግሌዎችን ስታስቀድም ቆይታ የተፈረመላትን ወረቀቷን አመጣች። «ዋሪያ በዛብህ፣ ወንበሩ ያምርብሃል!» አለችው እየሳቀች። በዛብህ ወረቀቷን ገልብጦ ጀርባውን አየ። «ለምን ጉዳይ ነው አዲስ አበባ የምትሄጂው?» አላት። ሳቀች። «ወርሐዊ መዋጮ ከፍለሻል?» አላት። አሁንም ሳቀች፣ ግን ቀነሰች። «ትናንት ቤትህ ሻይ ስጠጣ አልነገርኩህም?» «ያ ቤት ነው፤ ይሄ መሥሪያ ቤት ነው» አላት። ሀሊሞ መሳቋን ተወች። ዓይኑን ትንሽ አየችው፣ በሶማልኛ ለዋበሪ አንድ ነገር ወርወር አደረገች፣ ዋበሪም ራሱን ነቀነቀ። በዛብህ ማኅተሙን መታላት፤ መታላት እንጂ፣ ጥቂት ካስጠበቃት በኋላ። የመዘግየቱ ጣዕም ከመምታቱ እንደሚበልጥ የገባው ያን ጊዜ ነው። እንደዚህ ያለ ጣዕም ዕድሜውን ሙሉ በላዩ ሲቀመስ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አልቀመሰውም ነበር።

ቀበሌው ማኅተም ይመታል የሚለው ወሬ እስከ መጋላ ሰፈር ደርሶ ነበርና ከሰዓት በኋላም ሰው እየመጣ ተሰለፈ። እነዚህኞቹ ፊርማ የላቸውም። በዛብህ ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነግራቸውና ሊበትናቸው ይችል ነበር። ግን ሰልፉ ቀጥ ብሎ ሲያዩት ያምራል። አንዱን ጠርቶ ጉዳዩን ያስረዝመዋል፣ ወረቀቱን ያነሣል፣ ያስቀምጣል፣ ከዚያ «ፊርማ የለውም፤ ነገ ተመለስ» ይላል። ድምፁ እየወፈረ ሄደ። ሰዎቹ «ጌታዬ» ሲሉት የመጀመሪያውን አረመ፤ ሁለተኛውን ተወው። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፣ በሩ ላይ ቀዩ መብራት ይበልጥ ደመቀ። በዛብህ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ የማኅተሙን ቀለም ከጣቱ በመሐረብ እየጠረገ ነበር፣ በፍርግርጉ አጠገብ የሚቀጥለው ባለጉዳይ ሲቆም።

«ሰዓት አልቋል» አለ ቀና ሳይል። «ጥገና ላይ ነን። ነገ ተመለሱ።»

ባለጉዳዩ ግን አልሄደም፤ ፍርግርጉን የያዘው እጅ አለ። «ነገ አልኩ! ሰው አማርኛ አይሰማም?» ብሎ ሊቆጣ ቀና ሲል፣ ፍርግርጉን ይዛ የቆመችው አሰገደች ናት። ለምሳ ጠብቃው ቀርቶባት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ማኅተም እያስመታ ሲመለስ አይታ፣ እናቷን በእጇ ይዛ በፀሐይ መጥታ፣ ሰልፍ ይዛ ተራዋን ጠብቃ ነው። የበዛብህ እጅ ወደ ሸሚዙ ኪስ ሄደ። ወረቀቱ እዚያው አለ፤ ታጥፎ፣ በላብ ርሶ፣ ፊርማ የለበት። ጓድ ሀብቴ «ሌላ የሚፈረም አለ?» ያለው፣ እሱም የመለሰለት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣበት። አሰገደች እጁን ተከትላ ኪሱን አየች፤ ጠረጴዛውን፣ ማኅተሙን፣ በላዩ የሚዞረውን ቬንትሌተር አየች። አልጮኸችም፣ አልሰደበችውም። ብትሰድበው ምንኛ በቀለለው።

ከጎኗ ወይዘሮ ማዘንጊያ በሞራው በኩል ወደ መስኮቱ አንጋጠው ነበር። ድምፁ ወደ መጣበት አቅጣጫ እጅ ነሡ፤ ዝቅ ብለው፣ ነጠላቸው መሬት እስኪነካ። «እሺ ጌታዬ። እግዜር ይስጥልኝ። ነገ እንመለሳለን» አሉ።

«እማማ...» አለ በዛብህ፤ ድምፁ ግን በቬንትሌተሩ ጩኸት ተዋጠ። አሰገደች እናቷን ክንዳቸውን ይዛ ዞረች። ሰልፉ ከፈት ብሎ አሳለፋቸው፤ ዋበሪ ጠብመንጃውን ወደ ጎን አደረገላቸው። በዛብህ ብድግ አለና እስከ በሩ ሄደ፤ ከዚያ በላይ ግን አልሄደም፣ መብራቱ በርቶ ነበርና። አማቱ እየራቁ ልጃቸውን ሲጠይቋት ይሰማዋል።

«ማነው ሰውዬው? ስታዪው ክፉ ሰው ይመስላል?»

«አላውቀውም፣ እማዬ» አለች አሰገደች።